የቁም ሙሾ

ጥሩወርቅ ሙሾ አውራጅ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ከድንኳን ድንኳን እየተጠራች ስንቱን ሸኝታለች። ሟቹ በሕይወት ሳለ ሆኖት የማያውቀውን ለጋስና ቸር ታደርገዋለች። ሚስቱን ሲያስለቅስ የኖረውን «የቤቱ ምሰሶ» ብላዋለች። በአጥር ነገር ሦስት ጎረቤት ፍርድ ቤት ያመላለሰውንም «ድንበር አክባሪ» ብላዋለች። ሟች መልስ አይሰጥም፣ ቤተሰብ ደስ ይለዋል፣ እሷም ትከበራለች። ማንም አይጎዳም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ግን ኮሮና የሚሉት መጣና ሥራዋን አፈር አበላው። ድንኳን መጣል ተከለከለ፤ መናኸሪያው ተዘጋ፤ ቀብር የቅርብ ዘመድ ብቻ፣ እሱም ተራርቆ ቆሞ ተባለ። የመጨረሻው የሄደችበት ቀብር የአንድ ጡረተኛ ነርስ ነበር። ስምንት ሰው ቆሟል። ጥሩወርቅ አፏን በጨርቅ ማስክ ሸፍና ሙሾውን ብትጀምረው፣ ድምፅዋ ክዳኑ ከተገጠመ ድስት ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ትንፋሽ ስትስብ ጨርቁም አብሮ አፏ ውስጥ ይገባል። አንድ የጸጥታ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ «እትዬ፣ ያሳጥሩት፤ ጠብታ ይረጫል» አላት። ጠብታ ያለው እንባዋን መስሏት ኮራች። ምራቅ ማለቱ እንደሆነ የገባት ቤቷ ደርሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤት ዋለች። አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ስርጉት ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ ትሠራለች። ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ እሷም ቤት ገባች። አክስትና የእህት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ድንች እየላጡ ሲያወጉ ሰነበቱ፣ በሁለተኛው ተኮራረፉ፣ በሦስተኛው ስርጉት ስልኳ ላይ ተደፋች። ጥሩወርቅም ድምፅዋ እንዳይዝግ ብላ፣ ሽለምጥማጥ ለበላት ዶሮ አለቀሰች። በሙሾው ውስጥ ዶሮዋ በቀን ሦስት እንቁላል ትጥል ነበር።

አያ ጓንጉል የደወሉት ይሄኔ ነው። አያ ጓንጉል ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የዞን መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ሲሆኑ ቤታቸው ከእሷ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው።

«ጥሩወርቅ፣ የዚያ ነርስ ቀብር ላይ ስምንት ሰው ነበር የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው አያ። አንደኛውም የጸጥታ ሰው ነበር።»

«እኔስ በዚህ ወር ብሞት?»

«ምነው፣ ታመሙ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ግን አርባ ዓመት ዝናብ ነው ፀሐይ ነው ሳልል ሰው ስቀብር ኖሬያለሁ። በተራዬ ስምንት ሰው ቆሞልኝ፣ አንቺም በዚያ ጨርቅ ውስጥ ስትንተባተቢብኝ አልሄድም። ስለዚህ አሁን አውርጂልኝ።»

«ምኑን?»

«የኔን ሙሾ። በጆሮዬ ልስማው።»

ጥሩወርቅ አማተበችና ስልኩን ዘጋች። በቁሙ ያለ ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። አያ ጓንጉል ግን በማግስቱም ደወሉ፣ በሦስተኛውም ቀን ደወሉ። በአራተኛው ቀን ጥሩወርቅ ሁለት ነገር ገባት። አንደኛ፣ ሰውየው አይተዋትም። ሁለተኛ፣ እሷንም አፏን እየበላት ነው።

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ስርጉት ስፒከሩን ከፈተችላት። በቅድሚያ «ይህን ይወቁልኝ» አለች። «ለሞተ ሰው እዋሻለሁ። ለቆመ ሰው ግን አልዋሽም። ውሸቱን ሲሞቱ ያገኙታል።»

«ተስማምቻለሁ፤ ቀጥዪ» አሉ አያ ጓንጉል፣ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው።

ጉሮሮዋን ጠረገችና አወረደችው፦

«ስብሰባ ወዳዱ ጓንጉል ሄደ ሰማይ፣
መላእክት ቁጭ በሉ፣ ሊጀመር ነው ጉዳይ።»

ከስልኩ ምንም ድምፅ አልመጣም። ጥሩወርቅ ሰውየውን የገደለች መሰላት። ከዚያ ሳል የሚመስል ነገር ተሰማ፤ ሳቅ ነበር። ስቀው ስቀው ሲያበቁ «ሌላስ?» አሏት። ሌላውን ያላሰበችበት ነው፤ እዚያው አፏ ላይ መጣላት፦

«ሰው ሊቀብር ሲሮጥ አርባ ዓመት የኖረ፣
ዛሬ በራሱ ቀን ስምንት ሰው ቆጠረ።»

አሁን ሳቅ አልተሰማም። አያ ጓንጉል ስልኩ አፍ ላይ ሆነው ንፍጣቸውን ተናፈጡ። ከኋላቸው ደግሞ የሚስታቸው የእትዬ ፈንታነሽ ድምፅ መጣ። «ለእሱ ሁለት ካልሽ ለኔ ቢያንስ አንድ አትይም?» ጥሩወርቅም አላሳፈረቻቸውም፦

«የፈንታነሽ ምላስ አብሯት ተቀበረ፣
ይኸው ሰፈራችን እንቅልፍ ጀመረ።»

እትዬ ፈንታነሽ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ለእህታቸው ደውለው ሙሾውን በቃላቸው ሲያነበንቡላት፣ ሳቃቸው እስከ ጥሩወርቅ ግቢ ተሰማ።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ከፋሲካ በኋላ ስልኳ ዕረፍት አጣ። ሰው ቤቱ ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥን ላይ በየቀኑ የሚነገረውን የሟች ቁጥር ሰምቶ፣ እጁን ታጥቦ ታጥቦ፣ ሌላ የሚሠራው ሲያጣ የራሱን ለቅሶ መስማት አማረው። ጥሩወርቅ ሕግ አወጣች። ከአምሳ ዓመት በታች ለሆነ አታለቅስም። የታመመ ሰው አታስተናግድም። ደዋዩ ስለ ራሱ አንድ የሚያፍርበትን ነገር ካልነገራት አትጀምርም። ስርጉትም ኩርፊያውን ትታ ወረፋ ያዥ ሆነች። «አክስቴ፣ ዛሬ አራት ሟች አለብዎት» ትላታለች ጠዋት ጠዋት።

የቆሙት ሟቾች ከሞቱት ይልቅ አስቸጋሪ ነበሩ። አንድ ጡረተኛ መምህር ቁመቴን ጨምሪልኝ ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራከራት። ሁለት እህትማማች ለማን የበለጠ አለቀስሽ ብለው ተጣሉባት። ሥጋ ሻጩ መልካሙ፣ ሰዓሊ ፊት እንደሚቀመጥ ሰው አዲስ ጋቢውን ለብሶ ደወለ፤ በስልክ እንደማይታይ ረስቶታል። እሱን እንዲህ አለችው፦

«መልካሙን አፈሩ በሚዛን ይስፈረው፣
እሱ እንዳረገን አጥንት ይጨምረው።»

ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን በቃሉ ያዘው።

ወሬው የንስሐ አባቷ መምሬ ይሻው ጋ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ጥላቸውን ዘርግተው መጡና ከአጥሩ ውጭ ቆመው አስጠሯት።

«ልጄ፣ በቆመ ሰው ላይ ታለቅሻለሽ የሚሉት ምንድን ነው?»

«ያሉት ነው አባ።»

«ይኼ እኮ ሟርት ነው። ሞትን መጥራት ነው።»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን ደፋች። «አባ፣ ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ የለም? እርስዎ ራስዎ ስንቱን ባርከው በልተዋል።»

«እሱ ሌላ ነው። የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው ነፍሱን አስቦ ነው።»

«እነዚህም ነፍሳቸውን አስበው ነው። መልካሙ ሙሾውን ከሰማ ወዲህ አጥንት መጨመር ትቷል።»

መምሬ ይሻው ጢማቸውን ዳሰሱ። «እውነት ትቷል?»

«ሄደው ይዩት።»

መምሬ ሊያጣሩ ወደ ሥጋ ቤቱ ወረዱ። በሌላ ቀን «ብቻ የታመመ ሰው ላይ እንዳታደርጊው» ብለው ላኩባት። እሱን አስቀድማ ከልክላዋለች።

ግንቦት ሲጋመስ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የማታውቀው ቁጥር ጠራ። ስልኩን አነሳችው።

«ጥሩወርቅ፣ ሙላቴ ነኝ።»

ሙላቴ ባሏ ነበር። ሚኒባስ ሹፌር ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን፣ በባሕር ዳር መንገድ ሐሙሲት ከተማ ላይ ጎማዬ ፈንድቷል፣ ቀይሬ እመጣለሁ ብሎ ሰው ልኮባት፣ እዚያው ቀረ። ኋላ ሲጣራ ወርቅነሽ ከምትባል ሴት ጋር ጎጆ ወጥቷል። ልጅ ስላልነበራቸው የሚያገናኛቸው ነገር አልኖረም። ጥሩወርቅ በዚያ ሁሉ ዓመት ሐሙሲትን አቋርጣ ባሕር ዳር ስትሄድ ከመኪና ወርዳ ውሃ እንኳ ጠጥታ አታውቅም።

«ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» አለችው።

«ሐሙሲት ውስጥ ቁጥርሽን የማያውቅ ሰው የለም።»

«ምን ፈለግህ?»

«እንደ ሰዉ ነዋ።» ድምፁ አርጅቷል። «መኪናዬ ቆሟል። ወርቅነሽ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባሕር ዳር ልጇ ጋ ገባች። ብቻዬን ነኝ። ብሞት የሚያለቅስልኝ የለም።»

«እኔ አልቃሽህ አይደለሁም።»

«ሥራሽ እኮ ነው ጥሩዬ።»

ጥሩዬ ሲላት ጊዜ ስልኩን ዘጋችው። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታንኳኳ ዋለች። ስርጉት ማን ነው ብላ ብትጠይቃት «የተሳሳተ ቁጥር» አለቻት።

እውነቱ ግን የሙላቴ ሙሾ ከተዘጋጀ ቆይቷል። ጥሩወርቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድስት ስታጥብ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ የሰው ቀብር ላይ ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ስትገጥምና ስታርም ኖራለች። መርዶው ሲደርሳት ሐሙሲት ድረስ ሄዳ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ሬሳው እስኪያፍር ድረስ ልታወርደው ነበር ሐሳቧ። አሁን ሰውየው በራሱ አፍ አምጪው አላት። በማግስቱ ስርጉትን ጨው ግዢልኝ ብላ ላከቻት፤ ጨው ሞልቷል፤ ስርጉትም ይህን ስለምታውቅ ከበሩ ጀርባ ቀረች። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ራሷ ደወለች። ስልኩ ከመጥራቱ በፊት እጃችሁን ታጠቡ የምትለውን ሴትዮ እስከ መጨረሻው ታገሰቻት።

«አቤት» አለ ሙላቴ።

«ዝም ብለህ ስማ።»

«ሙላቴ ሞተ አሉኝ፣ መርዶው ዘገየብኝ፣
እኔ ከቀበርኩት ስንት ክረምት ሆነኝ።

ጎማ ልቀይር ብሎ ከቤት የወጣው ሰው፣
ሚስቱን ቀይሮ ነው ዛሬ የደረሰው።»

ሌላ ሰባት ቤት ግጥም ነበራት። አንዱ ስለ እናቱ ነው፣ ሁለቱ ስለ ጥርሱ፣ የቀሩት ለጆሮ አይመቹም። ሦስተኛውን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ግን እንባ ቀደማት። ጥሩወርቅ እንባዋን የምታዝ ሴት ናት። ሲያስፈልግ ታመጣዋለች፣ ሲበቃ ትመልሰዋለች፤ ሙያዋ ነው። ይኼኛው ሳይጠራ መጣ። እጅጌዋን አፏ ላይ ጭና፣ እንዳይሰማት ብላ ስልኩን ከፊቷ አራቀችው።

«ጥሩዬ» አለ ሙላቴ።

«ምን?»

«ጎማው ግን እውነት ፈንድቶ ነበር።»

ጥሩወርቅ ልትሰድበው ነበር። በስድቡ ፈንታ ሳቅ አመለጣት፤ ያውም እንባዋ ሳይደርቅ። ሳቋ ከሰውየው በላይ አናደዳት። ከበሩ ጀርባም ስርጉት ስትስቅ ሰማቻትና «ጨው ገዝተሽ መጣሽ?» አለቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙላቴ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይደውል ጀመር። ይቅርታ አላለም፤ ይል ነበር፣ እሷ ናት የከለከለችው። «እሱን ለመምሬ ንገር፤ ለኔ ሌላ ወሬ አምጣ» አለችው። የሚያመጣው ወሬ ሲያልቅበት፣ እኔም ላንቺ ሙሾ ልግጠም ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያውን ሦስት ቀን ፈጅቶበት አነበበላት፦

«ጥሩወርቅ ሞተች አሉ፣ እግዜር ይማራት፣
ዘይቷ አልቆ ኖሮ ሞተሯ ነከሰባት።»

«ሰው ነኝ ወይስ አይሱዙ?» አለችው።

«የማውቀውን ነው የተናገርኩት።»

«ሙሾ እንዲህ አይደለም። ደግሞ መጀመሪያ ሟቿ ምን ሠርታ እንደነበር ትላለህ፣ ከዚያ ነው የምትገድላት። አንተ ገና በሩን ሳትከፍት ገደልከኝ።»

እሱም ይጽፍና ያመጣል፣ እሷም ትጥልበታለች። አንድ ቀን ፍሬን ያዘች አላት፣ በሌላው ቀን ጎርፍ የወሰደው ድልድይ አደረጋት። ስርጉት ወረፋውን ስትይዝ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ባዶ ትተወዋለች፤ ስለ ምክንያቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ሰኔ ላይ ስልኩ ቀረ። አንድ ቀን ተኝቶ ይሆናል አለች። በሁለተኛው ቀን ራሷ ደወለች፤ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን የመምሬ ይሻው ነገር ትዝ አላት። ሟርት ነው ብለዋት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙት ብላው ሳይሞት የኖረ ሰው፣ አሁን መሞቱን በማትፈልግበት ጊዜ ሊሞት ነው። ያን ቀን ሁለት ደዋይ አላለቅስም ብላ መለሰች። ስርጉት ሐሙሲት ያለች የሥራ ባልደረባዋ ጋ ደውላ አጠያየቀች፤ ቤቱ ተቆልፏል፣ ሰዎች መጥተው በመኪና ወሰዱት ከማለት ሌላ የሚያውቅ አልተገኘም። ጥሩወርቅ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ ለበሰችው። ግን አልዘቀዘቀችውም። ዱካው ላይ ስልኩን ይዛ ተቀመጠች።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠራ።

«ለይቶ ማቆያ ነኝ» አለ ሙላቴ። «ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው፤ ቻርጀሩን ቤት ትቼ ወጣሁ፤ ዛሬ ገና ከሰው ተዋስኩ።»

«ያዘህ እንዴ?» ከዱካው ብድግ አለች።

«አልያዘኝም። ወፍጮ ቤት ገብስ ላስፈጭ ገብቼ ዱቄቱ አስነጠሰኝ። አንዱ ጠቆመብኝ። ከዚያ ወዲያ ዱቄት ነው ብል ማን ይስማኝ።»

ጥሩወርቅ የሰደበችውን ስድብ ስርጉት እስከ ዛሬ ለሰው አልደገመችውም። ሙላቴ ጨርሳ እስክትሰድበው ጠበቀና፣ አሥራ ሁለት ሆነው አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸውን፣ አብዛኛው የገጠር ገበሬ መሆኑን፣ ሲሰለቻቸው የጣሪያውን ቆርቆሮ ምስማር እየቆጠሩ መሆኑን ነገራት። «ስልኩን መስኮት ላይ አድርጌዋለሁ» አለ። «ሁሉም ይሰማሻል። አንድ ነገር በዪን።»

«የማላውቀውን ሰው እንዴት አለቅሳለሁ?»

«ጠይቂያቸዋ።»

ጠየቀቻቸው። ስምህ ማን ነው፣ ከወዴት ነህ፣ የሚናፍቅህ ማን ነው አለች ለየአንዳንዱ። አንዱ ሚስቴ አለ፣ አራቱ በሬዬ አሉ። ስንተኛ ክፍል ውስጥ ነው ያላችሁት ብትላቸው ሦስተኛ ክፍል አሏት። እዚያው ያዘችው፦

«ፊደል ሳይቆጥር ያረጀ ገበሬ፣
አስነጥሶ ገባ ሦስተኛ ክፍል ዛሬ።»

ሳቁ በስልኩ ውስጥ ሲንኳኳ ሰማችው። ከዚያ በየተራ ይሰለፉላት ጀመር፤ በሚቀጥሉት አሥር ቀናት አሥራ ሁለቱንም ቀበረቻቸው። በሬዎቹንም ሳትዘል። ምርመራው ሲመጣ አንዳቸውም ላይ ምንም አልተገኘም፤ ሙላቴም ገብሱን ፍለጋ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰ።

ነሐሴ ውስጥ መኪኖች ግማሽ ሰው እየጫኑ መሄድ ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ጥሩወርቅ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ በሩ ተንኳኳ። ከፈተችው። ፀጉሩ የነጣ፣ ቀጭን ሰውዬ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ያለ ሚኒባሱ አይታው ስለማታውቅ አጭር መሰላት።

«ማስክህን አድርግ» አለችው።

አደረገ። ሁለት ዱካ አወጣች፤ አንዱን በሩ ሥር፣ አንዱን ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀመጠች። በመሃል የታጠበው አንሶላ ተሰጥቶ ስለነበር ሲያወሩ በየተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዙ ነበር።

«ጨረስኩት» አለ ሙላቴ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማስኩን ወደ ታች ሳብ አደረገና አነበበ፦

«አገር ያስለቀሰች፣ የሸኘች በተራ፣
ለሷ አልቃሽ ቢታጣ፣ ተረፈ ደንባራ።»

ጥሩወርቅ አንሶላውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ አየችው።

«'ቢታጣ' አይባልም» አለች። «'ሲጠፋ' በለው።»

«'ደንባራ'ውስ?»

«እሱ ልኩ ነው።»

ሙላቴ ስክሪፕቶ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አረመው። ከቤት ውስጥ ስርጉት ድንች ወጥ በሁለት ሳህን ይዛ መጣች፤ አንዱን ለአክስቷ ሰጠች፣ ሌላውን በሁለቱ መሃል ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ሙላቴ ሄዶ አነሳው። እየበላ፣ የድሮው አልጋ አሁንም ሲጢጥ ይላል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ሸጬዋለሁ» አለች ጥሩወርቅ። «አዲሱ ለአንድ ሰው ነው።»

ሙላቴ ራሱን ነቀነቀና ወጡን ጨረሰ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ ማቆያው ገበሬዎች አወሩ። አንደኛው ለልጁ ሠርግ እንደጠራው፣ እሷንም ይዘህ ና እንዳለው ነገራት። እመጣለሁ ወይም አልመጣም አላለችውም። ደመናው ዳግም ሲጠቁር የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ተነሣ። ሳህኑን ድንጋዩ ላይ መለሰ።

«ተመልሼ ልምጣ?» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

ጥሩወርቅ አንሶላውን ከገመዱ እየሰበሰበች አሰበች። ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ድንኳንም እዚህም እዚያም እየተጣለ ነው፤ በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት ቦታ ተጠርታለች።

«ሰኞ ቀብር አለ» አለችው። «ማክሰኞ የሌላ ሰው ሠልስት ነው። ረቡዕ ና።»